የምስሉ ባለአደራ ማን ነው?

በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የአሣሣል ትውፊት ቅዱሳን ፊታቸውን ሙሉ ለሙሉ ወደ ተመልካቹ አዙረው፣ ሁለቱም ዓይኖቻቸው እየታዩ ይሣላሉ። አጋንንት፣ ከሐድያንና የጠላት ጦር ደግሞ በጎናቸው ዞረው በአንድ ዓይን ብቻ ይታያሉ። ፊደል ያልቆጠረ ምእመን እንኳ ግድግዳው ላይ ማን ከማን ወገን እንደቆመ ለመለየት አስረጂ አያሻውም ነበር። ልጅ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ሳለ ጀምሮ ሥዕሉን ያየዋል፤ ታሪኩን ከካህኑ ይሰማል፤ ንግሥ ሲደርስ ከሰፈሩ ሰው ጋር ታቦቱን ያጅባል። እንዲህ እያለ «እኔ የማን ነኝ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይዞ ያድጋል፤ መልሱን ግን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረውም።

ስለ ማንነትና ስለ ዲጂታል ባህል የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ከስልኩ ይጀምራል። ይህን ዳሰሳ ከግድግዳው የጀመርኩት ሰውን የሚቀርጹ ምስሎች ስልክ ከመምጣቱ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ስለነበሩን ነው። ስልኩ የለወጠው የምስሉን ብዛት ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ ይህን ያህል ባላሳሰበ ነበር። ትልቁ ለውጥ ሌላ ቦታ ነው ብዬ አምናለሁ፦ ምስሉን የሚያኖረው፣ የሚተረጉመው፣ ጉዳት ሲያደርስም የሚጠየቅበት አካል ተለውጧል።

ወደ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1434–1468) መለስ ብለን እንይ። ንጉሡ የእመቤታችን ሥዕል በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲከበር ሲያዝዙ ሥዕሉን ብቻውን አላቆሙትም። ተአምረ ማርያም በጉባኤ እንዲነበብ አደረጉ፤ የእመቤታችንን በዓላት ሥርዓት አስያዙ። ፍሬ ጽዮንን የመሰሉ ሠዓሊዎች በእንጨት ገበታ ላይ የሣሉት ሥዕል ከዜማው፣ ከስግደቱና ከጾሙ ጋር አብሮ ኖረ። ታሪኩ ግን ጨለማ ጎንም አለው። ለሥዕሉና ለመስቀሉ አንሰግድም ያሉት ደቂቀ እስጢፋኖስ ተገርፈዋል፣ ተሰደዋል፣ ተገድለዋል። ስለዚህ የድሮው ተቋም ደግ፣ የዛሬው ክፉ ነው የሚል ሐሳብ የለኝም። የድሮው ተቋም ግን ስም ነበረው፤ ደጅ ነበረው። የተቃወመውም ማንን እንደተቃወመ ያውቅ ነበር።

ጉዳዩን የመረመሩ ምሁራን ጥቂት አይደሉም። ቻርልስ ኩሊ እ.ኤ.አ. በ1902 ሰው ራሱን የሚያውቀው ሌሎች እንዴት ያዩኛል ብሎ በሚገምተው ነው አለ። ኤርቪንግ ጎፍማን በ1950ዎቹ የዕለት ኑሯችንን በመድረክ እንደሚቀርብ ትርዒት መረመረው፤ ለእያንዳንዱ ተመልካች የምናሳየው ፊት የተለየ መሆኑን አሳየ። ለእኛ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ቤኔዲክት አንደርሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ተያይተው የማያውቁ ሰዎች «አንድ ሕዝብ ነን» ብለው እንዲያስቡ ካደረጓቸው ነገሮች ዋነኛው ኅትመት፣ በተለይም ጋዜጣና ልብ ወለድ፣ መሆኑን ተከራከረ። እዚህ ላይ ከእርሱ እለያለሁ። ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ በ1917 ዓ.ም. መውጣት ሲጀምር ማንበብ የሚችለው ያገር ሰው እጅግ ጥቂት ነበር። ሰፊው ሕዝብ ራሱን እንደ አንድ አካል ያየው በሥዕል፣ በንግሥ፣ በሰልፍና በዘፈን ነው። የዓድዋ ድል ከትውልድ ወደ ትውልድ የተሻገረው ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ከሠራዊቱ በላይ ሲጋልብ በሚያሳየው ሥዕል፣ በፉከራና በአዝማሪ ግጥም ነው። በእኛ አገር ምስልና ሥርዓት፣ በአውሮፓ ጋዜጣ የሠራውን ሥራ ሠርተዋል። ዛሬ ስልኩ ይህን ያህል በፍጥነት የሰረጸውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ ምስልን አምኖ የመቀበል ልምድ ቀድሞውንም ነበረን።

ሁሉም ማኅበረሰብ በምስል አይቀረጽም፤ ይህ ሊዘነጋ አይገባም። በሙስሊሙ ዘንድ ይህን ድርሻ የያዙት ድምፅና ጽሑፍ ናቸው፤ መንዙማው፣ የቁርኣን ቅራት፣ የሼኩ ደርስ። እዚያም ቢሆን ግን ከድምፁ ጀርባ መስጊድ፣ ሐድራና አስተማሪ አለ።

ፎቶግራፍ ሲመጣም ተቋም ይዞ መጣ። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥቱ ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒም ሥራውን ወረሱ። የንጉሠ ነገሥቱ ፎቶ በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ተሰቀለ። ቀስ በቀስ ፎቶ ቤቶች በየከተማው ተከፈቱ። ደንበኛው ክራቫትና ኮት እዚያው ተውሶ፣ ሐይቅና ዘንባባ በተሣለበት መጋረጃ ፊት ይቆማል። ሊሆን የሚመኘውን ሰው ሆኖ ይነሣል፤ ፎቶውም ለእጮኛ፣ ለወላጅ፣ በሩቅ ላለ ዘመድ ይላካል። «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል የተሰበሰቡትን የቤተሰብ ፎቶዎች ያየ ሰው ይህን ምኞት በእያንዳንዱ ፊት ላይ ያነበዋል።

ፎቶው በመጨረሻ የሚያርፈው አልበም ውስጥ ነው። እንግዳ ሲመጣ ቡናው እስኪፈላ አልበሙ ይቀርባል። የቤቱ እናት በጣቷ እየጠቆመች «ይሄ አጎቱ ነው፣ ሐረር ሳለ»፣ «ይቺ ደግሞ ነፍሷን ይማር» እያለች ትተርካለች። ከጎን የተቀመጠው ልጅ ዘመዶቹን፣ ያገሩን ጂኦግራፊ፣ የቤተሰቡን ኩራትና ሐዘን የሚማረው እዚያ ነው። ለማን የትኛው ገጽ እንደሚገለጥ፣ የትኛው እንደሚታለፍ የምታውቀው እርሷ ናት። ትዳር ሲፈርስ የባልየው ፊት በመቀስ ይወጣል፤ ልጁ ካደገ በኋላ ስለ ቀዳዳው ሲጠይቅም መልስ የምትሰጠው እርሷው ናት። አልበሙ ተቋም ነው ብል አላጋነንኩም። ባለአደራ አለው፣ ሥርዓት አለው፣ የመሰረዝ ሥልጣንና የመጠየቅ ግዴታም አለው።

ምስል ባለአደራውን ጥሎ ሲሄድ ምን ይሆናል? ከዲጂታሉ ዘመን በፊት የዚህ ትልቁ ምሳሌ ጃማይካ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ የበዓሉ ፎቶዎች ባሕር ተሻገሩ። ሌናርድ ሃወል የተባለው ሰባኪ የንጉሡን ፎቶ ያለበትን ካርድ ለድሆች እየሸጠ ወደ ኢትዮጵያ የሚያስገባ ፓስፖርት እንደሆነ ይነግራቸው ነበር። በቅኝ ግዛት ሥር ለነበረ፣ ዘውድ የደፋ ጥቁር ፊት አይቶ ለማያውቅ ሰው ያ ፎቶ ስለ ራሱ የነበረውን ግምት ከሥሩ ነቀነቀው። ምስሉ የተወለደበት ቤተ መንግሥትም ሆነ ቤተ ክርስቲያን እዚያ አልነበሩም። ስለዚህ ምስሉ የራሱን ተቋም ሠራ፤ ራስታፈሪያን የሚባል እምነት፣ የራሱ ጉባኤና ሥርዓት ያለው፣ በኋላም ሻሸመኔ ድረስ የመጣ። ከዚህ የምረዳው ሰውን የሚቀርጽ ምስል ቤት አልባ ሆኖ እንደማይቀር ነው። ወይ ቤት ይሠራል፣ ወይ ቀድሞ በደረሰው ቤት ይገባል።

የመንግሥት ተቋምም ምስልን እንዴት እንደሚጠቀም ቶሎ ተምሯል። በ1957 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የንጉሡ ክብር ማሳያ ሆኖ ተወለደ። አሥር ዓመት ሳይሞላው መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ በዚያው ቴሌቪዥን የብሪታንያዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ የቀረጸበትን ፊልም ከቤተ መንግሥቱ ድግስ ምስሎች ጋር አቀናብሮ አሳየ። በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋናቸው ወረዱ። ያው የረሃብ ምስል በብሪታንያ ቴሌቪዥን ሲታይ የምጽዋት ጥሪ ነበር፤ አዲስ አበባ ላይ ክስ ሆነ። ልዩነቱን የፈጠረው ያቀረበው ተቋም ነው።

የ1977ቱ ረሃብ ምስል ግን ከዚህ ሁሉ ይለያል፤ ባለቤት አልነበረውምና። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ፣ ማይክል በርክ የተረከውንና መሐመድ አሚን የቀረጸውን የኮረም ዘገባ አስተላለፈ። ዓለም ደነገጠ፤ ዘፈን ተዘፈነ፤ ሐምሌ 6 ቀን በለንደንና በፊላደልፊያ ለተራቡት ገንዘብ የሚያሰባስብ ታላቅ ኮንሰርት ተካሄደ። ብዙ ሕይወት ተርፏል፤ ያን መካድ አይቻልም። በዚያ ምስል ውስጥ ያሉት ሰዎች ግን ስም አልነበራቸውም። ምስሉ የማን ልጅ እንደሆኑ፣ ከየት መንደር እንደመጡ፣ ምን ያርሱ እንደነበር አይናገርም። በዋሽንግተን፣ በለንደን፣ በስቶክሆልም ያደጉ የኢትዮጵያውያን ልጆች ራሳቸውን ለክፍል ጓደኞቻቸው ገና ሳያስተዋውቁ ምስሉ ቀድሞ አስተዋውቋቸዋል። «ከኢትዮጵያ ነኝ» ሲሉ የሚጠብቃቸው ፊት፣ አንዳንዴም ቀልድ፣ ከዚያ የመጣ ነው።

ስደተኛው ማኅበረሰብ ለዚህ የሰጠውን መልስ በተገቢው መጠን አላከበርነውም ብዬ አስባለሁ። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን የተመሠረተው በዚያው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። በየዓመቱ በበጋው ቡድኖች ከየከተማው መጥተው ይጫወታሉ፤ ኳሱን አይቶ የማያውቅ ሰው ሳይቀር ቤተሰቡን ይዞ ይሄዳል። በቴሌቪዥን አንድ ዓይነት ኢትዮጵያዊ ብቻ ያየ ልጅ እዚያ ሺህ ዓይነት ኢትዮጵያዊ ያያል፦ የሚስቅ፣ የሚከራከር፣ ሥጋ የሚጠብስ፣ እስክስታ የሚወርድ፣ መኪና ማቆሚያ ላይ ከሃያ ዓመት በፊት የተለየውን ጓደኛ አቅፎ የሚያለቅስ። ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱ፣ ዕቁቡና ዕድሩም እንዲሁ ሌላ ምስል የሚታይባቸው ቤቶች ሆኑ።

መንግሥት ማንነትን የሚቀርጽበት ጸጥተኛ መንገድም አለ፤ እርሱም ቅጽ ነው። በ1967 ዓ.ም. የተቋቋመው ቀበሌ ለነዋሪው በጉርድ ፎቶ መታወቂያ ሰጠ። በኋላ ዘመን መታወቂያው ላይ የብሔር መስመር ነበረበት፤ የ1987ቱና የ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራዎችም ያንኑ ጠየቁ። ከሁለት ወገን የተወለደ ሰው አንዱን እንዲመርጥ ተገደደ፤ ስለዚህ ነገር አስቦ የማያውቀውም አሰበ። በ1284/2015 አዋጅ ሕጋዊ መሠረት ያገኘው ፋይዳ የጣት አሻራን፣ የዓይን አይሪስንና የፊት ፎቶን ይወስዳል፤ ብሔርንና ሃይማኖትን ግን አይመዘግብም። ይህ በበጎ ሊታይ የሚገባው ለውጥ ነው። ሆኖም ቅጹ የተወውን ጥያቄ ዛሬ ማኅበራዊ ሚዲያው በየቀኑ ይጠይቃል።

ወደ ዲጂታሉ ዘመን ስንገባ መጀመሪያ የመጣው ጥያቄ የፊደል ነበር። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ በስልክ ላይ ደግሞ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ አማርኛን በላቲን ፊደል የጻፈ ትውልድ አለ። ስሙን በገዛ ፊደሉ መጻፍ የማይችል ሰው በዚያ ዓለም እንግዳ ነው፤ ያን በር ያስከፈቱ ኢንጂነሮች ለማንነታችን ያደረጉት ከብዙ ንግግር ይበልጣል።

ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ሲመጡ ምስሉ አዲስ ቤት አገኘ። የመድረኮቹ ባለቤቶች ራሳቸውን እንደ ባዶ አዳራሽ ሲያቀርቡ ቆይተዋል፤ የሚናገረው ሕዝቡ ነው፣ እኛ አዳራሹን ነው የምንሰጠው ይላሉ። ይህን አልቀበልም። ምን ቀድሞ እንደሚታይ፣ ለማን እንደሚታይ፣ ስንት ጊዜ እንደሚመለስ የሚወስን አካል ተቋም ነው። የራሱ ሥርዓት አለው፤ የላይክ ቁጥር፣ የቪው ብዛት፣ በየሰዓቱ የሚጮኸው ማሳወቂያ። የራሱ ሽልማትና ቅጣትም አለው፦ የሚያስቆጣው ከፍ ይላል፣ ዝግ ያለው ይቀበራል። የፌስቡክ የቀድሞ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሆገን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 ለአሜሪካ ሴኔት በሰጠችው ምስክርነት ይህ አደራደር እንደ ኢትዮጵያ ባሉ አገሮች የብሔር ግጭትን እንደሚያራግብ ስታስጠነቅቅ ይህንኑ መናገሯ ነበር።

ጎፍማን ያስተማረው ነገርም እዚህ ተናግቷል። ድሮ አንድ ወጣት ለጓደኛው የሚያሳየውን ፊት ለአክስቱ አያሳይም፤ ለንስሐ አባቱ የሚናገረውን ለአለቃው አይናገርም። ይህ ማስመሰል አልነበረም፤ ጨዋነት ነበር። ዛሬ አክስቱም፣ አለቃውም፣ ጓደኛውም አንዱን ፎቶ በአንድ ሰዓት ያያሉ። ብዙዎች የሚያደርጉት ሁለት፣ ሦስት አካውንት መክፈት ነው፤ አንዱ ለቤተሰብ፣ አንዱ ለጓደኛ፣ አንዱ ስም የሌለው። ስም በሌለው አካውንት የሚሳደበው ሰው በሰፈሩ ሐዘን ቤት ወንበር የሚያመላልሰው ትሑት ወጣት ሊሆን ይችላል። የቱ ነው እርሱ? ሁለቱም ናቸው፤ እያንዳንዱን የሠራው ግን የተለያየ ተቋም ነው።

ሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ለዚህ ሁሉ መፈተኛ ነበረች። ሚያዝያ 11 ቀን አይ ኤስ የተባለው ቡድን በሊቢያ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን ሲገድል የሚያሳይ ቪዲዮ ለቀቀ። ቪዲዮው የተቀነባበረው ለማዋረድና ለማስፈራራት ነበር፤ በሰዓታት ውስጥም በእያንዳንዱ ስልክ ገባ። ከሟቾቹ ሁለቱ የአዲስ አበባ የቂርቆስ ሰፈር ልጆች ነበሩ። ምስሉ ሰፈሩ ሲደርስ ግን ድንኳን ተተክሎ ጠበቀው፤ ለቀስተኛው፣ ካህናቱ፣ ጎረቤቱ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ተቀበሉት። መንግሥት የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ። ዛሬ በቤተ ክርስቲያን ዘንድ ሰማዕታት ተብለው ይታሰባሉ። ገዳዮቹ ምስሉን ሠሩት፤ ትርጉሙን ግን መወሰን አልቻሉም፤ ከእነርሱ የበረታ ተቋም ነበርና።

በዚያው ወር በእስራኤል ሆሎን ከተማ ፖሊሶች ኢትዮጵያዊ ተወላጅ የሆነን ወታደር፣ የአገሪቱን መለዮ እንደለበሰ፣ ሲደበድቡ በካሜራ ተቀረጸ። ከ14 ሺህ በላይ ሰዎችን በአንድ ቀን ተኩል ካጓጓዘው የ1983ቱ የሰሎሞን ዘመቻ ወዲህ አገሪቱ ስለ ቤተ እስራኤል የምታሳየው ምስል የመዳን ምስል ነበር፤ ከአውሮፕላን የሚወርዱ ነጭ የለበሱ ሽማግሌዎች። እዚያ የተወለዱት ልጆች ግን በዚህ አዲስ ቪዲዮ ውስጥ የራሳቸውን የዕለት ኑሮ አዩ። ኢየሩሳሌምና ቴል አቪቭ በሰልፍ ተናወጡ። በኢትዮጵያ ተወላጆች ላይ የሚደርሰውን ዘረኝነት የመረመረ የመንግሥት ኮሚቴ ተቋቁሞ በሚቀጥለው ዓመት ሪፖርቱን አቀረበ። ችግሩ አላበቃም፤ ምስሉ ግን ቢያንስ መልስ የመስጠት ግዴታ ያለበት አካል ፊት ደርሷል።

አሁን ደግሞ መልስ ሰጪ ያጣውን ምስል እንይ። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩት መዓረግ አማረ በ2014 ዓ.ም. መግቢያ፣ የሰሜኑ ጦርነት በተፋፋመበት ወቅት፣ ፎቶአቸውና ስማቸው ከሐሰት ክስ ጋር በፌስቡክ ተለጠፈ። የትግራይ ተወላጅ ነበሩ። ልጃቸው አብርሃም ጽሑፉ እንዲነሣ ለኩባንያው ደጋግሞ ማመልከቱን ይናገራል። ጥቅምት 24 ቀን ፕሮፌሰሩ በቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተገደሉ። በዕድሜ ዘመናቸው መምህር፣ አባት፣ ጎረቤት ነበሩ፤ ይህን ሁሉ የሚያውቁ ተማሪዎች፣ ባልደረቦችና ጎረቤቶች በከተማው ነበሩ። አንድ ፎቶና ጥቂት መስመሮች ግን ለማያውቃቸው ሰው ሌላ ማንነት ሰጧቸው። ያንን ያሰራጨው ተቋም በከተማው ቢሮ የለው፣ የሚንኳኳ ደጅ የለው።

አብርሃምና አብረውት የከሰሱት ወገኖች በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አቆሙ፤ የይዘት ቁጥጥሩ ሥራ ለአካባቢው የሚከናወነው ከኬንያ ነበርና። ኩባንያው የኬንያ ፍርድ ቤት ሊዳኘኝ አይችልም ብሎ ተከራከረ። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው ወሰነ። ከዚህ ሁሉ የዳሰሳዬ ጭብጥ ውስጥ እጅግ አስፈላጊው ክንውን ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ደጅ የሌለውን ተቋም ደጅ እንዲኖረው ማስገደድ ነውና።

ነባሩ ተቋም ስልኩን ሲመራው የሚሆነውንም አይተናል። በ2004 ዓ.ም. «ድምፃችን ይሰማ» በሚል ስም የተነሣው የሙስሊሞች እንቅስቃሴ መልእክቱን በፌስቡክ ያሰራጭ ነበር፤ ተግባሩ ግን የሚፈጸመው በጁምዓ፣ በአንዋርና በሌሎች መስጊዶች፣ ብዙ ጊዜ በዝምታ ነበር። ዲሲፕሊኑ የመጣው ከሶላቱ ነው፤ ፌስቡክ ያንን ያህል ሰው በአንድ ጊዜ ዝም የማሰኘት ኃይል የለውም። ነሐሴ 15 ቀን 2008 ዓ.ም. ፈይሳ ሌሊሳ በሪዮ ማራቶን ሁለተኛ ሆኖ ሲገባ እጁን ከራሱ በላይ ያጣመረበት ምስልም እንዲሁ ነው። የተቃውሞ ምልክቱ በኦሮሚያ ተማሪ ቤቶችና መንደሮች አስቀድሞ የነበረ፣ ሰዎች ዋጋ የከፈሉበት ስለሆነ ነው አንድ ፎቶ ያን ያህል ክብደት የተሸከመው።

በ2015 ዓ.ም. የሆነው ደግሞ ይበልጥ ግልጽ ነው። ጥር 14 ቀን ከቅዱስ ሲኖዶሱ ዕውቅና ውጭ የኤጲስ ቆጶሳት ሹመት ተፈጸመ። ሹመቱን የፈጸሙት ወገኖች ምክንያታቸው በቋንቋችን የመገልገል ጥያቄ ነው አሉ፤ ሲኖዶሱ ድርጊቱን አውግዞ ምእመናን የነነዌን ጾም ጥቁር ለብሰው እንዲጾሙ ጥሪ አቀረበ። በሦስቱ የጾም ቀናት አውቶቡሱ፣ ባንኩ፣ ገበያው ጥቁር ለበሰ፤ የፕሮፋይል ምስሉም ጠቆረ። ቀለሙ ምንም ያልተጻፈበት፣ ማንም በኮምፒውተር ያላሳመረው ነበር። ኃይል የሰጠው ሕዝቡ ከልጅነቱ የሚያውቀው ጾም፣ የሚያውቀው ታሪክ፣ የሚያውቀው የሐዘን ልብስ መሆኑ ነው። አስጨናቂ ጎኑንም መናገር አለብኝ። በእነዚያ ቀናት ያልጠቆረ ፕሮፋይል ያለው ሰው «አንተስ?» ተብሏል፤ ምስል አንድ ሲያደርግ መለየቱም አይቀርም። ከጾሙ በኋላ ማኅበራዊ ሚዲያ ተዘጋ፤ ገደቡ ለወራት ቆየ። መዝጋት የባለአደራነት ሥራ አይደለም፤ ባለአደራ መሆን ያልቻለ ኃይል የሚያደርገው ነው።

በዓረብ አገር ያሉ እህቶቻችን ነገር በዚህ ዳሰሳ ከሚገባው በታች ቦታ ነው የሚያገኘው፤ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል። አንዳንድ አሠሪዎች የቤት ሠራተኛዋን ስም እንኳ ለራሳቸው እንደሚመቻቸው ይለውጡታል። ፓስፖርቷ በአሠሪዋ እጅ ሲሆን በስሟ የምትጠራበት አንድ ቦታ ስልኳ ነው። ለቤተሰቧ የምትልከው ሳቂታ ፎቶ ሁሉን አይናገርም፤ ግን ያገሯ ልጆች ተሰባስበው የታመመችዋን የሚያሳክሙበት፣ የሞተችዋን አስከሬን ወደ አገር የሚልኩበት ገንዘብ የሚዋጣው በዚያው ስልክ ነው። ዕድሩ ስሙን ሳይለውጥ ቴሌግራም ገብቷል። ከተቋሞቻችን ሁሉ ከዘመኑ ጋር በተሻለ የተራመደው ዕድር ነው ለማለት እደፍራለሁ፤ ምክንያቱም ግዴታውን ይዞ ነው የገባው። በቴሌግራም ቡድኑ ያለ ሰው መዋጮውን ካልከፈለ ይጠየቃል፤ ከጠፋም ይፈለጋል።

የቀረው ገና ያልደረስንበት ነው። ልጃገረዶቻችን ፊታቸውን በሚያነጣ፣ አፍንጫቸውን በሚያቀጥን ፊልተር ራሳቸውን እያዩ ያድጋሉ። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩና ጆይ ቡዎላምዊኒ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ ፊትን አይተው ጾታን የሚለዩ የታወቁ ፕሮግራሞች በነጭ ወንዶች ላይ የሚሳሳቱት ከመቶ አንድ እንኳ ሳይሞላ በጠቆሩ ሴቶች ላይ ስሕተታቸው እስከ 34.7 በመቶ እንደሚደርስ አሳይተዋል። መሣሪያው ካላየን ማንን እንደሚያሳየን መጠየቅ አለብን። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ የነገሥታትና የቅዱሳን ምስሎች ደግሞ ፌስቡክን እያጥለቀለቁ ነው። ማን ሣለው ቢባል መልስ የለም። ፊት ሙሉ የሚሣለው ማን እንደሆነ፣ ዓይን ለምን ሁለት እንደሆነ የሚያውቅ ሠዓሊ አላለፈበትም፤ ሕፃኑ ግን ከግድግዳው ሥዕል በፊት ያንን ያያል።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የወጣው 1185/2012 አዋጅ ማኅበራዊ ሚዲያዎች ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ የጥላቻ ንግግርን እንዲያነሡ ይላል። ሕጉ ተናጋሪውን ለማሰር ጥርስ አለው፤ ባሕር ማዶ ያለውን አሰራጭ ለማናገር ግን አቅም የለውም። ስለዚህ ነገሩን ለሕግ ብቻ መተው አይበቃም። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ለልጆቹ ሥዕል ማንበብን ያስተምር፤ መድረሳውም ድምፅን መመርመርን። መምህሩ አንድ ክፍለ ጊዜ ወስዶ ፎቶ ከየት መጣ፣ ማን ለቀቀው፣ ማን ተጠቀመ ብሎ መጠየቅን ያለማምድ። የዕድር ዳኞች በአባላቸው ላይ የሐሰት ፎቶ ሲለጠፍ እንደ ሐዘን ቆጥረው ይቁሙለት፤ የሚያውቁት ሰው ስለሆነ የእነርሱ ምስክርነት ከማንም ይቀድማል። ናይሮቢ የተጀመረውን ክርክር ደግሞ ጋዜጠኞቻችን፣ ጠበቆቻችንና ምሁሮቻችን እንደ ሩቅ ዜና አይዩት። የሚከራከሩት ስለ እኛ ፊት ነው።